አንድ አውሮፕላን፣ ብዙ ታሪክ፦ የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ስልካችን ድረስ እንዴት ይመጣል?

አክስቴ ማታ ራት ከበሉ በኋላ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ይከፍታሉ። ከቤተሰባችን ግሩፕ ሌላ አራት አምስት የዜና ቻናሎችን ይከታተላሉ። በጦርነቱ ሰሞን አንድ ምሽት የተቃጠለ አውቶቡስና አጠገቡ የተበተኑ ሻንጣዎች የሚታዩበት ፎቶ ላኩልኝ። ከሥሩ ዘመዶቻችን የሚኖሩበት ከተማ ስምና «ዛሬ ረፋድ ላይ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትኩት። ፎቶውን በምስል መፈለጊያ ውስጥ አስገብቼ ሳየው ግን የሌላ ሀገር፣ የሌላ ጦርነት፣ ያውም ዓመታት ያለፉት ፎቶ ሆኖ አገኘሁት። ወዲያው ደውዬ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ ልጄ፣ ሁሉም ይዋሻል። እውነቱን እሱ አንድዬ ይወቀው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከፎቶው ይልቅ ይህ ንግግራቸው እንቅልፍ ነሳኝ። አክስቴ ሐሰቱን አምነው ቢሆን ኖሮ ማስረዳት ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን ማጣራቱን እርግፍ አድርገው ተዉት። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት በጦርነት ጊዜ በማህበራዊ ሚዲያ ላይ ስለሚያካሂዱት ዘመቻ ባነበብኩ ቁጥር የማየው ይህንኑ ነው። ዘመቻው አንድን ሐሰት እንድናምን ብቻ አይደክምም። አክስቴ የደረሱበት ቦታ ካደረሰን፣ ማለትም «ማን ያውቃል?» ብለን እጃችንን ካነሳን፣ ሥራውን ጨርሷል።

ነገሩን ለማስረዳት ከራሳችን ጦርነት ራቅ ብዬ ልጀምር። የራስን ቁስል እየነኩ በረጋ መንፈስ ማሰብ ይከብዳልና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁላይ 17 ቀን 2014 ከአምስተርዳም ወደ ኩዋላ ሉምፑር ይበር የነበረ የማሌዥያ አየር መንገድ ቦይንግ 777፣ በበረራ ቁጥሩ ኤምኤች17 ተብሎ የሚታወቀው፣ በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ ወደቀ። 298 ሰዎች አለቁ፤ ከእነዚህ ውስጥ 80ዎቹ ልጆች ነበሩ። የወደቀበት ገጠር በሩሲያ የሚደገፉ ተገንጣዮች ከዩክሬን ጦር ጋር የሚዋጉበት፣ የሱፍ እርሻ የበዛበት አካባቢ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የተገንጣዮቹን አዛዥ የኢጎር ጊርኪንን የትግል ስም የያዘ የሩሲያ ማህበራዊ ሚዲያ ገጽ፣ የዩክሬን ወታደራዊ ማመላለሻ አውሮፕላን መመታቱን በደስታ አወጀ። «በሰማያችን ላይ አትብረሩ» ብለው አስጠንቅቀው እንደነበርም ጨመረበት። የወደቀው የመንገደኞች አውሮፕላን መሆኑ ሲታወቅ ጽሑፉ ከገጹ ላይ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ታሪኮቹ ይጎርፉ ጀመር። በዩክሬን ዋና ከተማ በኪየቭ አውሮፕላን ማረፊያ የምሠራ ስፔናዊ የበረራ ተቆጣጣሪ ነኝ የሚል አንድ የትዊተር አካውንት፣ የዩክሬን ተዋጊ ጄቶች ቦይንጉን ሲከተሉ አይቻለሁ አለ። እንዲህ ያለ ስፔናዊ ተቆጣጣሪ በዚያ አልነበረም፤ ወሬው ግን የሩሲያ ቴሌቪዥን ድረስ ዘለቀ። ጊርኪን ደግሞ አስከሬኖቹ አውሮፕላኑ ከመውደቁ ቀድመው የሞቱ ሰዎች አስከሬን ይመስላሉ የሚል ነገር አስወራ። ሌሎች ዒላማው ከውጭ ጉዞ ይመለስ የነበረው የፕሬዚዳንት ፑቲን አውሮፕላን ነው አሉ። ጁላይ 21 ቀን የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዜጠኞችን ሰብስቦ፣ በትልልቅ ስክሪኖች ላይ የራዳር ምስል እያሳየ፣ ሱ-25 የተባለ የዩክሬን ጄት ከቦይንጉ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ይበር ነበር ሲል ገለጸ። እዚያው መግለጫ ላይ ደግሞ ቡክ የተባሉ የዩክሬን ፀረ አውሮፕላን ሚሳይሎች በአካባቢው ነበሩ አለ። የመታው ጄት ነው ወይስ ሚሳይል? ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ፤ አድማጩ ደስ ያለውን እንዲያነሳ ተተወ።

በኖቬምበር 14 ቀን የመጣውን ግን ጠጋ ብለን እንየው። ቻናል አንድ የተባለው የሩሲያ ዋና የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ጄቱ ወደ ቦይንጉ ሚሳይል ሲተኩስ የሚያሳይ የሳተላይት ፎቶ አገኘሁ ብሎ አቀረበ። ፎቶው ላይ ሁለት አውሮፕላኖችና በመካከላቸው ቀጭን ነጭ መስመር ይታያሉ። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ ተራ ሰዎች ፎቶውን መመርመር የጀመሩት ወዲያውኑ ነው። ከሥር ከሚታየው መሬት ጋር ሲነጻጸር አውሮፕላኑ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ይሆናል። መሬቱና ደመናው በጉግል ኧርዝ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ከሚገኝ የ2012 ምስል ጋር አንድ ነው፤ ማለትም አውሮፕላኑ ከመውደቁ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተነሳ ደመና ነው። በቦይንጉ ጎን ላይ ያለው የአየር መንገዱ ዓርማ ትክክለኛ ቦታው ላይ አይደለም። ጄቱም ለወራት ሲወራለት የከረመውን ሱ-25 አይመስልም። ይህ ሁሉ ስህተት በአንዲት ፎቶ ላይ! ሚሊዮኖች የሚያዩት ጣቢያ ይህን ለምን ያቀርባል? ፎቶው ፍርድ ቤት ሊቀርብ የተሠራ አልነበረም። ሥራው ለአንድ ምሽት ሰዎችን ማነጋገርና በአእምሯቸው ጥግ ላይ አንዲት ጥርጣሬ አስቀምጦ መሄድ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ በቂ ነበር።

ወደ ኋላ ላይ ታሪኮቹ እርስ በርሳቸው መጠፋፋት ጀመሩ። በ2015 ቡክን የሚያመርተው የሩሲያ ኩባንያ አልማዝ-አንቴይ አውሮፕላኑ የተመታው በቡክ ሚሳይል መሆኑን አመነ፤ የተተኮሰው ግን ከዩክሬን ጦር ይዞታ ነው አለ። ጄቱ በዚሁ ቀረ። በ2016 መከላከያ ሚኒስቴሩ አዲስ የራዳር መረጃ ይዞ ብቅ አለ፤ በዚህኛው ላይ በቦይንጉ አካባቢ ምንም ጄት አይታይም። በ2014 በስክሪን ያሳየን ጄት ታዲያ ወዴት ሄደ? ማብራሪያ አልተሰጠም። በ2018 ደግሞ ሚሳይሉ በሶቪየት ዘመን፣ በ1986፣ ዩክሬን ውስጥ ለነበረ የጦር ክፍል የተላከ ነው የሚል ሰነድ ቀረበ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በኔዘርላንድስ የሚመራ የአምስት ሀገሮች የምርመራ ቡድን ሥራውን በዝግታ ይሠራ ነበር። ስብርባሪውን ለቀመ፣ የስልክ ንግግሮችን አዳመጠ፣ መንገደኞች በስልካቸው ያነሷቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ከመንገዱ ጋር እያገጣጠመ ቡክ የጫነው ተሽከርካሪ ያለፈበትን መስመር ተከተለ። በ2016 ሚሳይሉ የተተኮሰው ተገንጣዮቹ ይዘውት ከነበረ እርሻ መሆኑን፣ በ2018 ደግሞ ቡኩ ኩርስክ ከሚገኘው የሩሲያ 53ኛ ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ብርጌድ የመጣ መሆኑን አስታወቀ። ኖቬምበር 17 ቀን 2022 የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት ጊርኪንን ጨምሮ ሦስት ሰዎችን በሌሉበት በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ፤ አራተኛውን ተከሳሽ ማስረጃ አልበቃም ብሎ በነጻ አሰናበተ። በ2025 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሩሲያን ተጠያቂ አደረገ።

ቀኖቹን አስተያዩአቸው። የሐሰት ታሪክ ለመወለድ የሚያስፈልገው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፍርዱ ስምንት ዓመት ወሰደ። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ ስንቱ ሰው «ማን ያውቃል?» ብሎ ነገሩን ትቶታል።

ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ይህን ስልት በ2016 ከእሳት አደጋ መኪና ቱቦ ጋር አመሳስሎታል፤ በኃይል፣ በብዛት፣ ያለማቋረጥ ይረጫል። እርስ በርሱ መጋጨቱም ብዙ አያሳስበው። እኛ ወንዝ ማደፍረስ የምንለው ነው። ወንዙ ከደፈረሰ በኋላ ከታች ድንጋይ ይኑር ዓሣ ይኑር አይታይም፤ ያደፈረሰው ደግሞ እንዲታይ አይፈልግም። የሰው አእምሮም ለዚህ የተጋለጠ ነው። ደጋግመን የሰማነው ነገር የምናውቀው ይመስለናል፣ የምናውቀው የመሰለን ነገር ደግሞ እውነት ይመስለናል። አንድን ወሬ ከጎረቤት፣ ከሬዲዮና ከስልክ ከሰማነው ሦስት ምስክር ያገኘን ይመስለናል፤ ሦስቱም ከአንድ ምንጭ የቀዱት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሰማነው ደግሞ ሥር ይሰድዳል፤ ማስተባበያው በኋላ ቢመጣም ነቅሎ አያወጣውም።

ይህን ውኃ የሚያደፈርሰው ማን ነው? አንዱ በስሙ የሚናገረው መንግሥት ነው፤ ቃል አቀባዩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ይፋዊ ገጹ። ይህኛው ቢያንስ ማንነቱ ይታወቃል። ሌላው ፊቱን የሚሸፍነው ነው። በሴንት ፒተርስበርግ ሳቩሽኪና ጎዳና ቁጥር 55 ላይ ይገኝ የነበረው ሕንጻ የዚህ ሁለተኛው ዓይነት ዝነኛ ምሳሌ ሆኗል። በዚያ የነበረው ድርጅት የኢንተርኔት ምርምር ኤጀንሲ ይባል ነበር። ዋግነር የተባለው የሩሲያ ቅጥር ተዋጊዎች ቡድን አለቃ የነበረው ዬቭጌኒ ፕሪጎዢን ድርጅቱን ያቋቋመው እሱ መሆኑን በ2023 በራሱ አንደበት ተናግሯል። የኤምኤች17 አደጋ እንደደረሰ ከዚህ ድርጅት ጋር የተያያዙ አካውንቶች ጥፋቱን በኪየቭ ላይ የሚያላክኩ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መልእክቶችን በትዊተር ላይ አዘነቡ።

በዚያ የሠራ አንድ ሰው በ2015 ለጋዜጠኞች የነገራቸው የሥራ ክፍፍል ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሠራተኞቹ በሦስት በሦስት ይቧደናሉ። የመጀመሪያው ክፉውን ሰው ሆኖ መንግሥትን የሚነቅፍ አስተያየት ይጽፋል። ሁለተኛው እሱን የሚያሳፍር ፎቶ ይዞ ይመልስለታል። ሦስተኛው «ማስረጃ» የሚል ሊንክ ያስቀምጣል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ውስጥ አንድ ሰው 135 አስተያየት መጻፍ ይጠበቅበታል። እንግዲህ አስቡት፤ አላፊ አግዳሚው አንባቢ ሦስት ዜጎች ሲከራከሩና አንዱ ተሸንፎ ሲሄድ ያየ ይመስለዋል። ሦስቱ ግን ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ከአንድ ካዝና ደመወዝ የሚቀበሉ ናቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ያገራችን ሰው። ሉድሚላ ሳቭቹክ የተባለች ሴት ነገሩን ለማጋለጥ ስትል ሠራተኛ መስላ ገብታ ለሁለት ወር ያህል ከሠራች በኋላ ድርጅቱን ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱ ምሳሌያዊ ካሳ አንዲት ሩብል ፈረደላት። ይህች ሴት ላደረገችው ነገር ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ተከፋይ ጸሐፊዎች ግን ብቻቸውን ሩቅ አይሄዱም። ወሬው የሚበርረው የእኛን ክንፍ ሲያገኝ ነው። አክስቴ ፕሮፓጋንዲስት አይደሉም፤ ያንን ፎቶ የላኩልኝ ደንግጠውና ተጨንቀውልን ነው። እሳቸው የላኩት ስለሆነ ነው እኔም የከፈትኩት። የማላውቀው ሰው ልኮት ቢሆን ኖሮ ዞር ብዬም ላላየው እችል ነበር። ዘመቻ አቀናባሪው የሚፈልገው ትልቁ ሀብት እንግዲህ ይህ ነው፦ በቤተሰብ፣ በሰፈር ልጆች፣ በማኅበር መካከል ያለው መተማመን። እሱ ያንን መተማመን በገንዘብ ሊገዛው አይችልም። እኛ ግን በደነገጥን ጊዜ በነጻ እናውሰዋለን። መልእክቱ ሁልጊዜ ቁጣን፣ ፍርሃትንና ኩራትን የሚቀሰቅስ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ በእርጋታ ያለ ሰው አስተላልፍ የሚለውን ቁልፍ ለመጫን አይቸኩልም።

ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን በሙሉ ኃይሏ ስትወርር ስልቶቹ ዘመን ቀየሩ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን በምሥራቅ ዩክሬን የዶኔትስክና የሉሃንስክ ተገንጣይ መሪዎች ዩክሬን ልታጠቃን ስለሆነ ሕዝቡ በአስቸኳይ ይውጣ የሚል የቪዲዮ መልእክት ለቀቁ። የዶኔትስኩ መሪ «ዛሬ፣ ፌብሩዋሪ 18» እያለ ይናገራል። ቪዲዮ ሲቀረጽ ግን ፋይሉ ውስጥ የተፈጠረበት ቀን አብሮ ይመዘገባል። ፋይሎቹን የመረመሩ ሰዎች ያገኙት ቀን ፌብሩዋሪ 16 ነው። ድንገተኛ ነው የተባለው አደጋ ከሁለት ቀን በፊት ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር።

ማርች 16 ቀን ደግሞ ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪ ወታደሮቻቸውን መሣሪያ አስቀምጡ ሲሉ የሚያሳይ፣ በኮምፒውተር የተቀነባበረ ቪዲዮ ተሰራጨ። ጭንቅላቱ ከአንገቱ ጋር አልገጠመም፣ ድምፁም የሳቸው አይመስልም፤ ዜሌንስኪም ወዲያው ራሳቸው ቀርበው አስተባበሉት። ዛሬ የሚሠራ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ያን ያህል በቀላሉ የሚለይ አይሆንም። ድርብ ጠንቅም አለው፤ የሐሰት ቪዲዮ መሥራት እንደሚቻል ሁሉም ሲያውቅ፣ እውነተኛ ቪዲዮ የተቀረጸበት ወንጀለኛ «ይህ የኮምፒውተር ሥራ ነው» ብሎ ለመካድ ይመቸዋል።

ሌላው ስልት ዶፔልጌንገር የሚል ስም የተሰጠው ዘመቻ ነው። እንደ ለ ሞንድ፣ ዴር ሽፒግል፣ ቢልድና ዘ ጋርዲያን ያሉ የታወቁ ጋዜጦችን ድረ-ገጽ ቁርጥ አድርጎ በመቅዳት ያልጻፉትን ጽሑፍ በስማቸው ያወጣ ነበር። ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ ዓርማው፣ ሁሉም ያው ነው፤ የሚለየው የድረ-ገጹ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ፊደላት ናቸው። ሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከዚህ ዘመቻ ጋር የተያያዙ 32 አድራሻዎችን ወርሷል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስገረመኝ ግን ወሬ የሚያጣራ መስሎ የሚቀርበው ሐሰት ነው። በማርች 2022 ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርገው የሚያሳዩ ልጥፎች በሩሲያኛ ተሰራጩ። «ዩክሬናውያን ይህን የቆየ ፍንዳታ ዛሬ ካርኪቭ የተጣለ ሚሳይል ነው እያሉ ያታልላሉ፤ እኛ አጣርተን ደርሰንበታል» ይላሉ። በአሜሪካ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲፈልጉ፣ ዩክሬናውያን አሰራጩት የተባለውን የሐሰት ቪዲዮ ያሰራጨ ሰው ፈጽሞ ሊያገኙ አልቻሉም። ሐሰቱንም ማስተባበያውንም የፈጠረው አንድ እጅ ነው። ይህን ያየ ሩሲያዊ ማግስቱን እውነተኛ የካርኪቭ ፍርስራሽ ሲያይ «ይህም የተለመደው ማታለያቸው ነው» ብሎ ያልፋል። ለመጠራጠር ያለንን በጎ ልማድ ራሱን መሣሪያ አድርገው ዞሩበት ማለት ነው።

የተጠቃው ወገንስ? እዚህ ላይ ታማኝ መሆን አለብን። የዩክሬን ሕዝብ የተወረረ ሕዝብ ነው፤ ያም ሆኖ ከዚያ ወገንም ያልሆነ ነገር ወጥቷል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻውን በርካታ የሩሲያ አውሮፕላኖችን ጣለ የተባለ «የኪየቭ መንፈስ» የሚሉት አብራሪ ዝናው ዓለምን አዳረሰ። የዩክሬን ይፋዊ ገጽ ሳይቀር ያጋራው ቪዲዮ ከኮምፒውተር ጨዋታ የተወሰደ ምስል ነበረበት። በኤፕሪል መጨረሻ የሀገሪቱ አየር ኃይል ራሱ አብራሪው በሕዝቡ የተፈጠረ አፈ ታሪክ መሆኑን ተናገረ። በእባብ ደሴት ላይ ተሰውተዋል ተብሎ የጀግና ክብር የታወጀላቸው ወታደሮችም ከቀናት በኋላ በሕይወት ተማርከው ተገኙ። ሌሎች መንግሥታትም ከዚህ አልጸዱም። በ2022 ፌስቡክ የዘጋቸው የተወሰኑ ሐሰተኛ አካውንቶች ከአሜሪካ ጦር ጋር ግንኙነት ባላቸው ሰዎች የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን ኩባንያው አስታውቋል። በ2024 ደግሞ የእስራኤል የዳያስፖራ ጉዳዮች ሚኒስቴር የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትን ለማግባባት የሐሰት አካውንቶችን የሚጠቀም ዘመቻ በገንዘብ መደገፉን ኒው ዮርክ ታይምስ ዘግቧል። ይህን ስል «ሁሉም አንድ ነው» ማለቴ አይደለም። አንድን አፈ ታሪክ ማጋራትና የ298 ሰዎችን ሞት ለዓመታት ማድበስበስ በክብደት አይተካከሉም። «ሁሉም ያው ነው» የሚለው ቃል ራሱ ወደ አክስቴ ዓረፍተ ነገር ይመልሰናል።

ስለ ልጥፍ ስናወራ የምንረሳው ነገር ዝምታ ነው። ማርች 4 ቀን 2022 ሩሲያ ስለ ጦሯ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚያሰራጭን ሰው እስከ 15 ዓመት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። ፌስቡክና ትዊተር ተዘጉ፣ ኢንስታግራም ተከተላቸው። ጦርነቱን ጦርነት ብሎ መጥራት እንኳ አደገኛ ሆነ፤ ስሙ «ልዩ ወታደራዊ ዘመቻ» ነው። ማርች 14 ቀን ማሪና ኦቭስያኒኮቫ የተባለች ጋዜጠኛ በቀጥታ የዜና ሥርጭት ላይ ከዜና አንባቢዋ ኋላ ወረቀት ዘርግታ ቆመች። ጦርነቱን አቁሙ፣ ፕሮፓጋንዳውን አትመኑ፣ እዚህ እየዋሹባችሁ ነው ይላል። ጣቢያው ከሰባት ዓመት በፊት ያንን የሳተላይት ፎቶ ያቀረበው ቻናል አንድ ነው። የታየችው ለሰከንዶች ብቻ ነበር።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ዝምታው ከዚህም የከፋ ነበር። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ጋዜጠኞችም እንደልብ መግባት አልቻሉም። እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር የማያውቅ ሰው ያገኘውን ቁራጭ ወሬ ሁሉ ይዞ መሮጡ ይፈረድበታል? ባዶ ቦታ የሚሞላው በተገኘው ነገር ነው። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በሌሎችም ከተሞች የሚኖረው ወገን በሁለት ተከፍሎ ትዊተር ላይ ተፋጠጠ። በሁለቱም በኩል አስቀድመው የተጻፉ መልእክቶች በአንድ ድረ-ገጽ ላይ ይደረደራሉ፤ ደጋፊው አንድ ጊዜ ሲነካ መልእክቱ በስሙ ይወጣል። ለዚሁ ሲባል አዳዲስ አካውንት የከፈተው ብዙ ነው። ሁለቱም ወገን ሌላውን «እነዚህ የኮምፒውተር አካውንቶች ናቸው» ይል ነበር። እውነቱ ግን ከጀርባ የነበሩት በአብዛኛው ሐዘንና ቁጣ ያንገበገባቸው፣ እውነተኛ ስምና ቤተሰብ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። አንድን ሰው «የለህም» ማለት ሐዘኑን እንደመካድ ነው፤ ያኔ የቆሰልነው ቁስል እስካሁን አልሻረም።

ፊቱን የሸፈነ ሥራም ነበር። በጁን 2021፣ ምርጫው ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ 65 አካውንቶችን፣ 52 ገጾችንና 27 ግሩፖችን፣ ከኢንስታግራም ደግሞ 32 አካውንቶችን ማስወገዱን አስታወቀ። በአብዛኛው በአማርኛ የሚጽፉ፣ መንግሥትን የሚያወድሱና ተቃዋሚዎችን የሚነቅፉ ነበሩ። ኩባንያው ባደረገው ምርመራ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ያላቸው ግለሰቦች ከኋላ እንዳሉበት ገልጿል። ገጾቹን ይከተሉ የነበሩት ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጉ አካውንቶች ናቸው። ከእነዚያ መካከል ስንቱ የእኛ አክስትና አጎት እንደሆነ አስባለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለው የአባቶች ቃል ለስልክም ይሠራል። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። የሚያስቆጣኝ ነገር ሲደርሰኝ ስልኩን አስቀምጬ ቡና እጠጣለሁ፤ ጠቃሚ ነገር ከሆነ ከአንድ ሰዓት በኋላም ጠቃሚ ነው። ከዚያ የት፣ መቼ፣ ማን አየ ብዬ እጠይቃለሁ። ቀንና ቦታ የሌለውን አላስተላልፍም። ፎቶ ከሆነ በምስል መፈለጊያ አስገባዋለሁ፤ ከመንገዱ ምልክት፣ ከሱቅ ጽሑፍ፣ ከመኪና ሰሌዳ ብዙ ይገኛል። ስልክ የሚሠራ ከሆነ በዚያ ያለ ሰው ላይ እደውላለሁ። ደስ የሚያሰኘኝን፣ ወገኔን የሚያስመሰግነውን ወሬ ደግሞ እጥፍ አድርጌ እመረምረዋለሁ፤ ይህኛው ነው የሚከብደው፣ አንዳንዴም አይሆንልኝም። ተሳስቼ ያስተላለፍኩት ከሆነ ዝም ብዬ አላጠፋውም፤ እዚያው ግሩፕ ላይ ተሳስቻለሁ ብዬ እጽፋለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የላኩላቸው ሰዎች ለሌላ ልከውት ይሆናል።

የኤምኤች17 ችሎት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማርች 8 ቀን 2020፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ዘ ሄግ ወደሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ ሄዱ። ከፊት ለፊቱ 298 ነጭ ወንበሮች እንደ አውሮፕላን መቀመጫ በረድፍ በረድፍ ደርድረው በመካከሉ መተላለፊያ ተዉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወንበር። ስድስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስለ ጄት፣ ስለ ስፔናዊው ሰውዬ፣ ስለ ሳተላይት ፎቶው ሲነገራቸው ኖረው፣ ማወቅ እንደሚቻል ግን አልተጠራጠሩም ነበር።

የወንበሮቹን ፎቶ ባለፈው ለአክስቴ አሳየኋቸው፤ ምንም ሳልነግራቸው ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወንበሮቹን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ይህ የት ነው ልጄ? መቼ ነው የተነሳው?» አሉኝ።